የካንሰር ሴልን ከተደበቀበት የሚያጋልጠው ቀዝቃዛ ፕላዝማ

ፕላዝማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርት ይተላለፍበት የነበረውን ቴሌቪዥን ነው። ስያሜው በአጋጣሚ የተሰጠ አልነበረም፤ በስክሪኑ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ፕላዝማነት የሚለወጥ ጋዝ ነበር። ፕላዝማ ከጠጣር፣ ከፈሳሽና ከጋዝ ቀጥሎ አራተኛው የቁስ አካል ሁኔታ ነው። ጋዝ ከፍተኛ ኃይል ሲያገኝ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ ይነጠሉና ፕላዝማ ይሆናል። መብረቅም ፀሐይም ፕላዝማ ናቸው።

እነዚህ ግን ያቃጥላሉ። ለሕክምና የሚውለው “ቀዝቃዛ” የተባለው ዓይነት ነው። እንደ አርጎን ያለ ጋዝ እስክሪብቶ በሚመስል መሣሪያ ውስጥ እያለፈ በኤሌክትሪክ ሲመታ ኤሌክትሮኖቹ ብቻ ይግላሉ፤ ጋዙ ራሱ ከሰውነት ሙቀት ብዙም ስለማይርቅ ቆዳን አያቃጥልም። በጀርመን ግራይፍስቫልድ ከተማ የተሠራ እንዲህ ያለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለቁስል ሕክምና ፈቃድ አግኝቷል። (በግብርናው ዘርፍም በዘር ላይ ያለ ሻጋታን ለማጥፋት በምርምር እየተሞከረ ነው፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።)

ጋዙ ከአየር ጋር ሲገናኝ እንደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያሉ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ። በመጠኑ ሲሆኑ ቁስል እንዲሽር ይረዳሉ፤ ሲበዙ ሴል ይገድላሉ። የካንሰር ሴል አስቀድሞም የእነዚሁ ኬሚካሎች ጫና ስለሚበዛበት ብዙ ጊዜ ከጤነኛው ሴል ቀድሞ ይሸነፋል።

ተመራማሪዎችን ይበልጥ የሳበው ግን የሴሉ አሟሟት ነው። ስንዴ የሚያርም ገበሬ እንክርዳድን ለመለየት የሚቸገረው ቡቃያው ከስንዴው ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ካንሰርም ከራሳችን ሴል የሚነሣ በመሆኑ በሽታ የመከላከል ሥርዓታችን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ለመንቀል ይቸገራል። በፕላዝማ ተጎድቶ የሚሞት የካንሰር ሴል ግን ካልሬቲኩሊን የተባለውን የውስጥ ፕሮቲን ወደ ላዩ ሊያወጣ ይችላል፤ ኤቲፒ የተባለውን ሞለኪውልም ወደ ውጭ ይለቃል። የመጀመሪያው “ዋጡኝ” እንደ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የድረሱልኝ ጥሪ ነው። ዴንድሪቲክ የተባሉ ሴሎች መጥተው የሞተውን ይውጣሉ፤ ቁራጩንም ሲያብጥ ንፍፊት ወደምንለው የሊምፍ ዕጢ ወስደው ለቲ-ሴሎች ያሳያሉ። ቲ-ሴሎችም መልኩን ካወቁ በኋላ ተመሳሳዩን በመላ ሰውነት ፍለጋ ይሰማራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2020 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ ይህንኑ ሞክረዋል። ክፍት ቀዳዳ ባላቸው ጥቃቅን መርፌዎች በተሠራ ልጣፍ በኩል ፕላዝማን ከመከላከል ሥርዓቱ ላይ ልጓም ከሚፈታ መድኃኒት ጋር ወደ ዕጢው አሳልፈዋል። የተገታው የታከመው ዕጢ እድገት ብቻ አልነበረም፤ ርቆ ያለውም ጭምር እንጂ።

በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ገና ጥቂት ነው። በግራይፍስቫልድ የጭንቅላትና የአንገት ካንሰራቸው ሥር የሰደደ ጥቂት ሕሙማን በፕላዝማ ሲታከሙ በአንዳንዶቹ የቁስሉ ሽታና ሕመሙ ቀንሷል። በአሜሪካና በእስራኤል በ20 ሕሙማን ላይ በተደረገ ሙከራ ደግሞ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ቦታው ፕላዝማ ተረጭቶበታል፤ ዓላማውም በቅድሚያ የሕክምናውን ደኅንነት መፈተሽ ነበር። ፕላዝማ ከላይ ወደ ውስጥ ብዙ ርቆ አይዘልቅም። ስለዚህ በሆድ ዕቃ ውስጥ ያለን ዕጢ ከቆዳ ላይ ሆኖ ማከም አይቻልም። ቀዶ ሕክምናን፣ ኬሞቴራፒንና የጨረር ሕክምናን የሚተካበት ደረጃ ላይም አልደረሰም፤ “በፕላዝማ ካንሰር እናድናለን” የሚል ቢመጣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

በሀገራችን በሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ የሆነው የማኅፀን በር ካንሰር ግን ሥር ሳይሰድ ሊደረስበት ይችላል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች የሚመከረው የአሴቲክ አሲድ ምርመራ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ውጤቱም በዚያው ሰዓት ይነገራል።