ተጨማሪ መረጃ፦ ሞግዚቷ ተቀጣሪ ናት ወይስ የግል ሠራተኛ?

አሜሪካ ውስጥ ልጆቹን በቤቱ ለማስጠበቅ ሞግዚት የሚቀጥር ቤተሰብ በሕግ ፊት አሠሪ ነው። ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘው እሱ ስለሆነ ሞግዚቷ ተቀጣሪ ናት፤ ሁለቱ በሌላ ስም ቢዋዋሉም ይህ አይለወጥም።

ከአንድ ቤተሰብ በዓመት የምታገኘው ደመወዝ በሕግ ከተወሰነው መነሻ (በ2025 እ.ኤ.አ. 2,800 ዶላር ነበር) ከደረሰ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ይከፈልበታል፤ 7.65 በመቶ ከእሷ፣ 7.65 በመቶ ከአሠሪዋ። አሠሪው ደብሊው-2 የተባለውን ቅጽ ይሰጣታል፤ የቤት ሠራተኛ ግብሩን ደግሞ ስኬጁል ኤች በተባለው ቅጽ ያሳውቃል።

አንዳንዱ አሠሪ ግን በደብሊው-2 ምትክ ለግል ሠራተኛ የሚሰጠውን 1099 የተባለ ቅጽ ይሰጣታል። ለእሱ ይቀለዋል፤ 15.3 በመቶው ግን በሙሉ እሷ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ያለ ወረቀት በእጅ መቀበልም፣ ለጊዜው ትርፍ ቢመስልም፣ ኪሳራ አለው፦ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ 40 የሥራ ነጥብ፣ ማለትም የ10 ዓመት ያህል የተመዘገበ ሥራ ይጠይቃል። በዋሺንግተን አካባቢ በሞግዚትነት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንንም ይህ ይመለከታል።

ጉዳዩ ባለሥልጣናትንም አሰናክሏል። በ1993 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ያጯቸው ዞዪ ቤርድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የቤት ሠራተኞች መቅጠራቸውና ግብራቸውን አለመክፈላቸው ታውቆ ከዕጩነት ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ኮንግረሱ ሕጉን አቀለለው፤ በሦስት ወር 50 ዶላር የነበረው የግብር መነሻ በዓመት 1,000 ዶላር ሆነ።