ለድጋፉ ሀብታም፣ ለኑሮው ድሃ

ወሬው የተጀመረው ከሴቻ ወደ ሲቀላ በምትወርድ ባጃጅ ውስጥ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ገና አልሞላም። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇን አቅፋለች። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋሚ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ልጁን ይዛ ወደ ሥራ እንደማትገባ ስለማውቅ፣

«ዛሬስ ለማን ልትሰጪው ነው?» አልኳት።

«ለዚያችው ለሙዝ ሻጯ ጓደኛዬ ነዋ! ጥላዋ ሥር ይውላል።»

ልጁ ሰሞኑን በወባ ታሞ ነበር። አርባ ምንጭ ለኖረ ሰው ይኼ አዲስ ዜና አይደለም። አዲስ የሆነብኝ ቀጥላ የነገረችኝ ነው። ከሕክምናው ወጪ በኋላ «የጤና መድን ካርድ ላውጣ» ብላ ቀበሌ ሄዳለች። መልሱ አጭር ነበር፦ «እህቴ፣ አንቺ እኮ ደመወዝተኛ ነሽ። ይኼ ላንቺ አይደለም።»

«ሳቄ መጣ» አለችኝ። «ደመወዜ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። ለድጋፉ ሀብታም ነኝ፣ ለኑሮው ግን ድሃ ነኝ።»

ሲቀላ ደርሰን ወረደች። ንግግሯ ግን አብሮኝ ቀረ። ነገሩን ስከታተለው ቀበሌው እንደ ሕጉ ነው የመለሰላት። ችግሩም እዚያው ሕጉ ላይ ነው።

ከሁለቱም ያልሆነች

በሀገራችን ሁለት ዓይነት የጤና መድን አለ። አንደኛው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በአብዛኛው ሀገሪቱ ተዳርሷል። የታሰበውም ለአርሶ አደሩና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው የከተማ ነዋሪ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይታከማል፤ ካስፈለገም በሪፈር ሆስፒታል ይሄዳል።

ሁለተኛው ለደመወዝተኛው የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድን ነው። አዋጁ (ቁጥር 690) የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታቅዶ ነበር። ግን አዋጁ ከ10 ዓመት በላይ ወረቀት ላይ ቆየ።

እንግዲህ ጎረቤቴ የወደቀችው በሁለቱ መሀል ነው። ከአንደኛው «ደመወዝተኛ ነሽ» ተብላ ወጣች፤ ሁለተኛው ደግሞ ጠብቂኝ እንዳላት ቀረ። መድን የሌላት ሥራ ስለሌላት አይደለም፤ ሥራ ስላላት ነው።

ታክሱም የልጆቿን ቁጥር አያይም። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ጥሩ ነው፤ ጥቂትም ቢሆን ኪስ ውስጥ ይቀራል። ነገር ግን ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ እናትና ገና ያላገባ ጎረምሳ እኩል ደመወዝ ካላቸው እኩል ነው የሚቆረጥባቸው። የልጅ አበል የሚባል ነገርም ለደመወዝተኛው የለም።

90 ቀን እና ስድስት ወር

ሠራተኛ እናት መብት የላትም ማለት ግን አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል። በዚሁ አዋጅ አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር።

እስቲ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናድርጋቸው። ጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። ፈቃዱ የሚያልቀው በ3 ወር ነው። መሀል ላይ ያለው የ3 ወር ክፍተት የሚሞላው በማቆያው ነው፤ ማቆያ ካለ። ከሌለ ግን አያት ትጠራለች፤ አያት ከሌለች ከገጠር የመጣች ታዳጊ ትቀጠራለች፤ እሷም ካልተገኘች የጓደኛ ጥላ ሥር ይዋላል።

ያቺ ከገጠር የመጣችው ልጅስ? እሷ ደግሞ ከሁሉም ውጭ ናት። ለግል አገልግሎት የተቀጠረ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈንም። የወሊድ ፈቃድ፣ የሥራ ሰዓት፣ የዓመት ዕረፍት የሚባሉት ነገሮች ለእሷ በአሠሪዋ ደግነት ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። አንዷ እናት ወጥታ እንድትሠራ ሌላዋ ልጅ ያለ ሕግ ከለላ ትሠራለች ማለት ነው።

ሙዝ ሻጯ

በማግስቱ ወደ ሙዝ ሻጯ ሄድኩ። ከላንቴና ከጫኖ የሚመጣውን ሙዝ ተረክባ በችርቻሮ ትሸጣለች። የጎረቤቴ ልጅ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ልጣጩን ይቦጭቃል።

እሷ የጤና መድን ካርድ ማውጣት ትችላለች፤ ደመወዝ የላትምና። ችግሯ ሌላ ነው። ክፍያው በዓመት አንዴ፣ በምዝገባው ወቅት ነው። «እኔ የማገኘው በቀን በቀን ነው፤ እነሱ የሚጠይቁኝ በዓመት ነው» አለችኝ። ባለፈው ዓመት በምዝገባው ሰሞን ገንዘቡን ለቤት ኪራይ አወጣችው። ወቅቱ ካለፈ እስከሚቀጥለው መጠበቅ ነው፤ በሽታ ግን ወቅት አይጠብቅም።

ፈጽሞ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መንግሥት መዋጮውን ይሸፍናል። ግን ስንት ሰው ይካተት የሚለው በተገኘው በጀት ልክ ይወሰናል። ጥላ ዘርግታ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ደግሞ «ነጋዴ» ናት፤ ከእሷ የባሰ ስለማይጠፋ ተራው አይደርሳትም።

የወሊድ ፈቃድ? ሳቀችብኝ። በወለደች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው ገበያ የተመለሰችው። ጡረታም የላትም። በጡረታ አዋጁ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ 60 ዓመት ሲሞላ ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያለው የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል። እሷ ግን አሠሪዋም ሠራተኛዋም ራሷ ናት።

ደጋው ላይ ያለችው እናት

የጎረቤቴ እናት የምትኖረው ከከተማው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በጨንቻ በኩል ደጋው ላይ ነው። እዚያ ጥያቄው ስለ ደመወዝ አይደለም፤ ስለ ጉልበት ነው።

የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ሲታይ ቀላል ነው። ለተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ 3 ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ያለበት ቤተሰብ ይመረጣል። መሥራት የሚችል ሰው ያለው ቤት እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ምንጭ ያጎለብታል፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ታስቦ፣ በዓመት ለ6 ወር ይከፈለዋል። የሚሠራ ጉልበት የሌለው ቤት፣ ማለትም አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ፣ አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ፣ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል፤ ይኼኛው ዓመቱን ሙሉ ነው።

ጋሞ ደጋ ላይ ግን «የሚሠራ ጉልበት» ማለት ማን ነው? ብዙው ወጣት ሸማኔ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ነው ያለው። አባት ወይም ወንድ ልጅ አዲስ አበባ ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ መወርወሪያ ይወረውራል፤ ቤቱ የሚታየው ለመስቀል ነው። መዝገቡ ላይ ግን ስሙ አለ፣ ጉልበቱም ይቆጠራል። «ልጅ አለሽ እኮ! ይልክልሻል» ይባላል። ይልክ ይሆናል፤ ሸማ ካልተሸጠ ግን ምን ይልካል? የጎረቤቴ እናት ወንድ ልጇ ሸማኔ፣ ሴት ልጇ «የመንግሥት ሠራተኛ» ናቸው። በወረቀት ስትታይ ባለጸጋ ናት።

ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ሴት ጋ ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል። ቤተሰቡ በበዛ ቁጥር የሥራው ቀን ይጨምራል። ልጆቹ ዕድሜያቸው ስላልደረሰ እንዲሠሩ አይፈቀድም፤ መፈቀድም የለበትም። ስለዚህ ሸክሙ የሚያርፈው በአንዷ ላይ ነው። ይኼን ያዩ ሰዎች መመሪያው ላይ ማስተካከያ አስገብተዋል፦ ለአንድ ሰው የሥራ ቀን ጣሪያ ተበጅቷል፣ የሴቶች ሥራ ከወንዶች እንዲቀንስ ተደርጓል፣ እርጉዝና አጥቢ እናቶች ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወሩ፣ ሥራው ቦታም ሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ታዟል።

ጥሩ ደንቦች ናቸው። ግን እርጉዟ ሴት እንድትዛወር መጀመሪያ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋ መድረስ አለባት። እርግዝናን ቶሎ መናገር በማይለመድበት ቤት ያለች ሴት ድንጋይ መሸከሟን ትቀጥላለች፤ መብቷን ማንም አልከለከላትም፣ ግን ማንም አልነገራትም።

18 ዓመት የሚባለው ገደል

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፣ ይኼን በስልካችሁ ወደምታነቡት ልምጣ። 18 ዓመት ስትሞሉ ኬክ ትቆርጣላችሁ እንጂ መዝገብ ውስጥ ምን እንደሚሆን አታስቡም። በማኅበረሰብ አቀፍ መድን ላይ 18 የሞላው ልጅ በመደበኛው የቤተሰብ መዋጮ አይሸፈንም፤ ተጨማሪ ይከፈልበታል። አባት ወይም እናት ሞተውበት የልጅ ጡረታ የሚያገኝ ወጣትም በመርሕ ደረጃ አበሉ የሚቆመው እዚያው 18 ላይ ነው።

በሀገራችን 18 ዓመቱ ላይ ስንቱ ነው 12ኛን የጨረሰው? ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ፣ በሬ ሲጠብቅ የከረመ፣ ሸማ ቤት አንድ ሁለት ዓመት ያጠፋ የጋሞ ልጅ በዚያ ዕድሜው ገና 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ነው። ሕጉ «ራስህን ቻል» ሲለው ገና ደንብ ልብስ ለብሷል።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ይኼ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በየትኛውም ሀገር የድጋፍ ሕግ መስመር ማስመር አለበት፤ ከመስመሩ በላይ በአንዲት ሳንቲም ያለ ሰው ሁልጊዜ ያዝናል። ልዩነቱ መስመሩ ገደል ነው ወይስ ቁልቁለት የሚለው ላይ ነው።

በእንግሊዝ የዩኒቨርሳል ክሬዲት ድጋፍ የሚያገኝ ሰው ደመወዙ ሲጨምር ድጋፉ በአንዴ አይቋረጥም፤ ከተወሰነ ገቢ በላይ ለምታገኘው እያንዳንዱ 1 ፓውንድ 55 ፔንስ ይቀነሳል። ብዙዎች ቅነሳው በዛ ይላሉ፤ ግን ቢያንስ ቁልቁለት ነው። ከእኛ የሚቀርበው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልጅ ድጋፍ አለ፤ የሚከፈለው ለአሳዳጊው ነው፤ መሥራት አያስከለክልም። ለአንድ አሳዳጊ የገቢው ጣሪያ የድጋፉ 10 እጥፍ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ድጋፉ ሲጨምር ጣሪያውም አብሮ ከፍ ይላል።

«እኛ ያን ያህል ሀብት የለንም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት እንዲደርስ ነው የሚያዘው። ግን አንዳንዱ ማስተካከያ ከገንዘብ ይልቅ ሐሳብ ነው የሚፈልገው። የመድኑን መዋጮ በየወሩ በሞባይል ገንዘብ በትንሽ በትንሹ መክፈል ቢቻል ሙዝ ሻጯ ከዓመቱ ዝርዝር አትወጣም። አነስተኛ ደመወዝተኛው የራሱ መድን እስኪደርስለት ከማኅበረሰቡ መድን ከፍሎ እንዲገባ ቢፈቀድለት ጎረቤቴ ካርድ ትይዛለች። በነፃ ስጡኝ አላለችም እኮ፤ ልክፈል ነው ያለችው።

እስከዚያው ስልካችሁን አውጡ

ሕግ እስኪሻሻል ድረስ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ደብዳቤ ማንበብ ይከብዳቸው ይሆናል፤ እናንተ ግን ታነባላችሁ።

የመድን ምዝገባው ወቅት መቼ እንደሚከፈት ቀበሌ ጠይቁና ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በትንሽ በትንሹ አጠራቅሙ። የምትሠሩ ከሆነ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ጠይቁ፤ ከደመወዝ የሚቆረጠው 7 በመቶ ገቢ መሆኑንም አረጋግጡ። ቤት ውስጥ እርጉዝ ካለች ጤና ኤክስቴንሽኗ ጋ በጊዜ አድርሷት። ከሴፍቲኔት ዝርዝር የቀረ ሰው ካለ ቀበሌ ላይ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ አቤቱታውን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቀን ጻፉበት፣ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት። በቃል የተነገረ ቅሬታ በቃል ይረሳል።

መመሪያው የተመረጡ ሰዎች ዝርዝር በሕዝብ ፊት ቀርቦ እንዲመከርበት ይላል። ይኼ ለጋሞ እንግዳ አይደለም፤ ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ ጉዳይን በአደባባይ ማውጣት የአባቶቻችን ወግ ነው። ዝርዝሩ ሲነበብ ወጣቱ ካልተገኘ ግን ጎረቤቱ ለምን እንደቀረች የሚጠይቅ አይኖርም።

ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲቀላ ገበያው ዳር ቆሜ ጎረቤቴን አየኋት። ልጇን ከጓደኛዋ ተቀበለች፤ እንደ ውለታ ሁለት ኪሎ ሙዝ በሙሉ ዋጋ ገዛቻት። ሙዝ ሻጯ ደግሞ አንድ ፍሬ መረቀችለት። ሁለቱም ከየሕጉ ውጭ የቀሩ ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ደመወዝ ስላላት፣ ሌላዋ ስለሌላት። አሁን ያላቸው ዋስትና እርስ በርሳቸው ነው። እሱ ባይኖርስ ኖሮ?