ሳይስቁ ያሳቁት ተዋናይ፥ ሚስተር አርተር ሎው

በእንግሊዝ አገር የቴሌቪዥን ቀልድ ሲነሣ ስማቸው አብሮ ከሚነሣ ተዋንያን አንዱ ሚስተር አርተር ሎው ናቸው። ቁመታቸው አጭር፥ ሰውነታቸው ደንደን ያለ፥ ራሳቸው መላጣ ነበር። እንዲህ ያለ መልክ ላለው ሰው የቴያትር ዓለም የጀግና ወይም የወጣት አፍቃሪ ቦታ አይሰጥም። ስለዚህ ታላቁ ዝና የመጣላቸው 52 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምናመለክታቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሚስተር ሎው በ1915 በደርቢሺር አውራጃ ሄይፊልድ በምትባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ግን በወጣትነታቸው የተመኙት መርከበኛ ለመሆን ነበር፤ ዳሩ ግን የዓይናቸው ብርሃን ደካማ ስለ ነበረ ተቀባይ አላገኙም። ከዚህም በኋላ በማንችስተር በአውሮፕላን ፋብሪካ ሠርተው፥ በ1939 ጦርነቱ ሊነሣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ወታደር ሆኑና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ተላኩ። በዚያም ወታደሮች እርስ በርሳቸው ለመጫወት በሚያዘጋጁት ትርኢት መካፈል ጀመሩ፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ያገኙት ከዚህ ነው።

በ1945 ወደ አገራቸው ተመልሰው በማንችስተር በአንድ የቴያትር ማኅበር ተቀጠሩ። ደመወዛቸው በሳምንት 5 ፓውንድ ሲሆን በየማታው ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። በዚያ ማኅበር ጆአን ኩፐር ከሚባሉ ተዋናይት ጋር ተዋወቁ፤ በ1948 ተጋቡ። አንባብያን ይህን ጋብቻ በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ከ1960 እስከ 1965 ኮሮኔሽን ስትሪት በተባለው ተከታታይ ተውኔት ውስጥ ሌናርድ ስዊንድሊ የሚባል ጥንቁቅ ባለሱቅ ሆነው ታወቁ። በሲኒማም ጥቂት መልካም ሥራዎች ሠርተዋል። ሆኖም አገሩ ሁሉ የሚያስታውሳቸው በ1968 በተጀመረው ዳድስ አርሚ ነው፤ ትርጉሙም የአባባ ጦር እንደ ማለት ነው።

የተውኔቱ መሠረት እውነተኛ ታሪክ ነው። በሜይ ወር 1940 የጦር ሚኒስትሩ ሚስተር አንተኒ ኢደን ወደ ጦር ሠራዊት ያልገቡ ወንዶች አገራቸውን ለመጠበቅ እንዲመዘገቡ በራዲዮ ጠሩ። ከተመዘገቡትም ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በመጀመሪያም ጠመንጃ ስላልበቃቸው አንዳንዶቹ በመጥረጊያ እንጨት ይሠለጥኑ ነበር። ከደራሲዎቹ አንዱ ሚስተር ጂሚ ፔሪ በልጅነታቸው በዚህ ጭፍራ ውስጥ ስለ ነበሩ፥ ያዩትን ከሚስተር ዴቪድ ክሮፍት ጋር ሆነው ጻፉት። ሚስተር ሎው የጭፍራው አዛዥ ሻምበል ማነሪንግ ሆኑ። (ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እጅግ ይረዝማል፤ ሲነበብ ግን ያጥራል። ቋንቋ መማር ለእንግሊዞቹም ቢሆን ቀላል እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።) ተውኔቱ እስከ 1977 በ80 ክፍል ሲታይ፥ አንዳንድ ጊዜ እስከ 18 ሚሊዮን ተመልካች ነበረው።

ዋናው ብልሃት በማዕረግ ላይ ነው። ማነሪንግ በአንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ያለ ዘመድ፥ በገዛ ድካሙ ከታች የወጣ። በባንኩም በጭፍራውም የበታቹ የሆነው ሃምሳ አለቃ ዊልሰን ግን የባላባት ልጅ ነው፤ ውድ በሆነ ትምህርት ቤት የተማረ፥ ወታደሮቹን እንግዳ ወደ ሻይ እንደሚጋብዝ ሰው በለስላሳ ቃል የሚያዝ። ሌላ ደራሲ ቢሆን ባላባቱን ሻምበል ያደርገው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ለዊልሰን ከዘመዶቹ የክብር ስም ይወርድለታል፤ ወዲያውም ማነሪንግ ለብዙ ዓመታት ደጅ ሲጠናበት የኖረው የጎልፍ ማኅበር ዊልሰንን ጠርቶ ይቀበለዋል። በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ይህን ሲመለከት ሙሉ ልቡ የሚስቅ አይመስለንም።

ሚስተር ሎው ይህን ሰው ሲጫወቱ ለሳቅ ብለው አንድም ጊዜ ለተመልካቹ ጥቅሻ አልሰጡም። የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ተማርኮ ሳለ የሰደቡትን ሰዎች ስም በዝርዝር ይመዘግባል፤ ወጣቱን ወታደር ስሙን በጠየቀው ጊዜ ማነሪንግ ቈጣ ብሎ ልጁን እንዳይናገር ያዝዘዋል፤ ሲያዝዘውም በስሙ ይጠራዋል። ቃሉ አጭር ነው፤ ሳቁ የሚመጣው ሻምበሉ ትእዛዙን በፍጹም ቁም ነገር ስለሚናገር ነው። ይህ ሻምበል ትዕቢተኛና ችኩል ይሁን እንጂ ፈሪ አይደለም። ጠላት ቢመጣ ጥይት ባይኖረው እንኳ ከቦታው እንደማይነቃነቅ ተመልካቹ ያውቃል፤ በእኛ አስተያየት የተወደደው ስለዚህ ነው።

ሚስተር ሎው ራሳቸውም ክብራቸውን የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ሱሪያቸውን አውልቀው እንዲታዩ እንዳይጠየቁ በውላቸው ላይ አስጽፈዋል ይባላል። የሚያጠኑትንም ጽሑፍ ወደ ቤታቸው መውሰድ አይወዱም ነበር፤ በዚህም ባልደረቦቻቸው ብዙ ጊዜ ተቸግረዋል።

አሁን ወደ ጋብቻው እንመለስ። የሻምበሉ ሚስት በተውኔቱ ውስጥ ፊቷ ከቶ አይታይም፤ ማነሪንግ በስልክ ሲያነጋግራትና ሲፈራት ብቻ እንሰማለን። የተዋናዩ ሚስት ግን ከባልዋ አልተለዩም፤ በዚያው ተውኔት በጥቂት ክፍሎች ታይተዋል። በኋለኞቹ ዓመታትም ሚስተር ሎው ለባለቤታቸው ቦታ የሌለበትን ሥራ ላለመቀበል ይመርጡ ነበር። ይህ ትልልቅ ዕድሎችን አሳጥቷቸዋል የሚሉ አሉ፤ ሐሰትም አይደለም። ለእሳቸው ግን አብሮ መሥራቱ ይበልጥባቸው ነበር። ስለዚህ ጤናቸው ተጓድሎ ሳለ ሁለቱም ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ይጫወቱ ጀመር።

በኤፕሪል ወር 1982 በበርሚንግሃም ከተማ ነበሩ። የሚያሳዩት ተውኔት ስለ አንድ የባንክ ጸሐፊ የተጻፈ ነው። ሚስተር ሎው በቀን በቴሌቪዥን ቀርበው ጥያቄ ሲመልሱ ውለው፥ ማታ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት በልብስ መልበሻ ክፍላቸው ውስጥ ወደቁ። በ15ኛው ቀን በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ጥቂት ሰዎች ብቻ በተገኙበት ቀብራቸው ላይ ባለቤታቸው አልነበሩም፤ በቤልፋስት ከተማ ያንኑ ተውኔት ሲጫወቱ ነበር።