የሸክላ ድምፅ እንዴት ይመዘናል?

ጉለሌ ውስጥ «ሸክላ» ሲባል አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስበው የቀጨኔን ሸክላ ነው፤ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ እንስራውን። ገበያ የወጣች እናት እንስራ ከመግዛቷ በፊት በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደኅና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ግን የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነውና ትመልሰዋለች። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ሌላኛውን ሸክላ፣ ማለትም ዘፈን የታተመበትን ነው። እሱም ቢሆን የሚመዘነው በጆሮ ነው፤ ምርመራው ግን ትንሽ ረዘም ይላል።

ውድ አንባብያን! ጉዳዩን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል እስከ ሽሮ ሜዳ ባሉት ነባር ቤቶች በአልጋ ሥርና በቁም ሳጥን አናት ላይ ሸክላ የተቀመጠባቸው ይገኛሉ። ታዲያ ቤት ሲጸዳ ወይም ዕቃ ሲነሣ «ይኼ እኮ ያለቀለት ነው፣ ይንጫጫል» ይባልና ወይ ለቆራሌው ይሰጣል፣ ወይ ይጣላል። በሌላ በኩል ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ለአንዳንዱ የኢትዮጵያ ሸክላ በመቶ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። ገንዘቡ ይቅር እንበል። የተቀረጸበት ቴፕ ጠፍቶ ሸክላው ብቻ የቀረለት ዘፈን ከተጣለ ግን በምንም አይተካም። መንጫጫትና ማለቅ አንድ ነገር አይደሉም። መጥፎ ድምፅ ስንሰማ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ መለየት ይቻላል፤ አለያየቱም ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም።

እግረ መንገዳችንን ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1889 በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ዐፄ ምኒልክ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1899 ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የመልስ መልእክት በሰም ሲሊንደር ላይ ድምፃቸውን ቀርጸው ልከዋል። ንግሥቲቱ ቀድማ የላከችው ሲሊንደር ከተሰማ በኋላ በራሷ ፈቃድ እንዲጠፋ ሲደረግ፣ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ድምፁ ሩቅና ጭጋግ የለበሰ ነው። ጭጋጉ ግን የሰሙና የዘመኑ መሣሪያ እንጂ የተናጋሪዎቹ አይደለም። ከዚያ በኋላ፣ በ1908 ገደማ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሳሉ ዘፈኖቻቸውን በባለ 78 ዙር ሸክላ አስቀረጹ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ከጊዜ በኋላ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ቆየ። ይህን አጥር የጣሰው አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነው። በ1969 አምሃ ሪከርድስን መሥርቶ በዓለማየሁ እሸቴ ዘፈኖች ጀመረ፤ እስከ 1975 ድረስም 103 ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። የአሊ አብደላ ካይፋ «ካይፋ ሪከርድስ» ተከተለው። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ካሴት ገበያውን ሲይዘው ሸክላ ማሳተሙም ቆመ።

ከዚህ ታሪክ ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመን አንድ ነጥብ አለ። ዘፈኖቹ የተቀረጹት አዲስ አበባ ሲሆን የአምሃ ሸክላዎች የታተሙት ግን ባሕር ማዶ ነው፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ ቀጥሎም ሊባኖስ። ባንዱ እዚህ፣ ማተሚያው እዚያ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሸክላ ስናጫውት የምንሰማው ዘፋኙን ብቻ አይደለም። ቴፑ ላይ የተቀረጸውን፣ ፋብሪካው ያተመበትን ሁኔታ፣ ሸክላው ያሳለፈውን ዕድሜ፣ በመጨረሻም አሁን የሚያጫውተውን መሣሪያ፣ አራቱንም በአንድ ላይ ነው የምንሰማው። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ደባልቆ «የድሮ ስለሆነ ነው» ይላል።

የሸክላው ትልም ከዳር ተነሥቶ ወደ መሃል የሚጠመዘዝ አንድ ነጠላ መስመር ነው። (ሲታይ ብዙ ክብ ይመስላል እንጂ በአንድ ገጽ ላይ ያለው ትልም አንድ ብቻ ነው፤ ለተማሪዎች ጥሩ እንቆቅልሽ ይወጣዋል።) ፋብሪካው ይህን ትልም መጀመሪያ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ያርሰዋል፤ ሰሌዳውን በብር ይለብጠውና በኒኬል ቅርጽ ያወጣለታል፤ ቅርጹም እንደ ማኅተም ሆኖ የጋለውን ፕላስቲክ ይረግጣል። ማኅተሙ ብዙ ከረገጠ በኋላ ይደነዝዛል። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ ያወጣቸው ሁለት ሸክላዎች እንኳ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ትልሙ አልቆ የመሃሉ ወረቀት እስኪጀምር ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረ ቁጥር አለ። የሁለት ሸክላዎች ወረቀት አንድ ሆኖ ይህ ቁጥር ከተለያየ፣ የወጡት ከተለያየ ቅርጽ ነውና ለየብቻ መስማት ይገባል።

እኛ ጥቂት ሰልጣኞች ከእንጦጦ ማርያም በታች ካሉ ቤቶች በውሰት ያገኘናቸውን ሁለት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች እያፈራረቅን አጫውተናል። ሁለቱም የአንድ ዘፈን ቅጂ ናቸው። አንደኛው የሚያብለጨልጭና ልባሱ እንኳ ያልተቀደደ፣ ሌላኛው በአቧራና በጣት አሻራ የተሸፈነ። በዓይን ከሆነ የቱ እንደሚመረጥ ግልጽ ነው። በጆሮ ሲሆን ግን ነገሩ ተገለበጠ። አቧራ የለበሰው ከታጠበ በኋላ ጥቂት ቢንጫጫም ድምፁ ቀጥ ያለ ነው። የሚያብለጨልጨው ላይ ግን ሳክስፎኑ አንድ ድምፅ ይዞ ሲያስረዝም ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ጎንበስ ብለን የመርፌዋን ክንድ ስናያት በየዙሩ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች። ምክንያቱ ፋብሪካው ቀዳዳውን ሲበሳ ከትክክለኛው መሃል ፈቀቅ ማድረጉ ነው። ሸክላው ሲወለድ ይዞት የመጣው ጉድለት ስለሆነ ማጠብም ሆነ መርፌ መለወጥ አያድነውም።

ይህ ጉድለት ለኛ ሙዚቃ ቀላል አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚለያዩት በአምስቱ ድምፆች መካከል ባለው ርቀት ነው። በተለይ አንቺሆዬ ውስጥ በጣም የተቀራረቡ ድምፆች አሉ። ሸክላው በየዙሩ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንሸራትተው ያ ርቀት ይምታታል፤ ሰሚውም «ዘፋኙ ቅኝት ሳተ» ብሎ ይፈርዳል። ምስኪን ዘፋኝ! ባልሠራው ይወቀሳል።

ታዲያ የዘፋኙን ማርገብገብ ከሸክላው መወዛወዝ በምን እንለያለን? በሰዓት ነው። ባለ 45 ዙር ሸክላ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ1.33 ሴኮንድ ነው፤ ባለ 33 ከሲሶው ደግሞ በ1.8 ሴኮንድ። የቀዳዳው ጥፋት ይህን ልክ ጠብቆ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳያሰልስ ይመጣል። የሰው ድምፅ ሲርገበገብ ግን በሴኮንድ 5 ወይም 6 ጊዜ ያህል ነው፤ ስሜቱ ሲጨምር ይሰፋል፣ ሲያርፍ ይጠፋል። የእጅ ሰዓት ይዘን ባለ 45ቱን ለ20 ሴኮንድ ብንቆጥርና 15 ጊዜ ቢወዛወዝ ጥፋቱ የቀዳዳው ነው። ጥሩ ምስክር የሚሆነን ፒያኖ ነው። ጉሮሮና ማሲንቆ እንደ ልብ ስለሚንሸራተቱ ቃላቸው ያጠራጥራል፤ ፒያኖ ግን አንዴ ከተመታ በኋላ ድምፁን ማጠፍ አይችልም። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ዓይነት ብቸኛ ፒያኖ የያዘ ሸክላ ከተወዛወዘ ተጫዋቿን የሚጠረጥር አይኖርም። እርግጥ የምናጫውታቸው ሸክላዎች በሙሉ የሚወዛወዙ ከሆነ ጥፋቱ ወደ ማጫወቻው ይሄዳል፤ ቀበቶው ላልቶ ይሆናል።

መንጫጫቱም ቢሆን ዓይነት አለው። በየ1.33 ሴኮንዱ «ቷ» የሚል ከሆነ ጭረት ነው፤ አንድ ጭረት ብዙ ዙሮችን አቋርጦ ስለሚያልፍ መርፌዋ በየዙሩ ታገኘዋለች። ያለ ሥርዓት እዚህም እዚያም የሚፈነዳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፤ ይለቃል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ሩቅ ዝናብ «ሽሽሽ» የሚለው ብዙ ጊዜ የቴፑ ነው። ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስለው ደግሞ ፕላስቲኩ ትልሙን በደንብ ሳይሞላ የታተመበት ቦታ ነው፤ እሱም የማይድን የፋብሪካ ጉድለት ነው። በዓይን የሚታይ ነገር ግን በጥፍር የማይያዝ ጭረት ብዙውን ጊዜ አይሰማም። ስለዚህ «ተጫጭሯል» ብሎ መጣል ችኮላ ነው።

ማለቅ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ለመምህር ምቹ የሆነ መፈተኛ አለው፤ ፊደላቱን ማዳመጥ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ጸ እና ጨ ቀጭን ድምፅ የበዛባቸው ስለሆኑ ትልሙ ላይ የሚጻፉት በጣም ረቂቅ በሆነ ቅርጽ ነው። የደነዘዘ መርፌ መጀመሪያ የሚፍቀውም እነዚህን ነው። አናባቢው ጥርት ብሎ እየተሰማ «ሰ» ብቻ የሚሻክርና የሚተፋ ከሆነ ትልሙ ተበልቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በትልቁ ባለ 33 ሸክላ ዳር ላይ ትልሙ በመርፌዋ ሥር በሴኮንድ ወደ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፤ ወደ መሃል ሲጠጋ 21 ያህል ብቻ። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ ይጨናነቃልና አዲስ ሸክላ እንኳ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሊሻክር ይችላል። ሸክላ የሚገዛ ሰው ታዲያ የመጨረሻውን ዘፈን አስቀድሞ ቢሰማ ይሻለዋል፤ ሻጩ ሁልጊዜ የሚያሰማው የመጀመሪያውን ነው!

ድምፅ ከፍ ሲል ብቻ የሚሰነጠቅስ? ይህ ከሁሉም አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ሲቀረጽ ማይክሮፎኑ ከአቅም በላይ ተጩሆበት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ሌላ ቅጂ ፈልጎ ማነጻጸር ነው። ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ላይ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ ብዙዎቹን ዘፈኖች ደግሞ አሳትሟል፤ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ደግሞ በ1975 በካይፋ ከወጣ በኋላ በ1986 ብራስልስ ላይ በድጋሚ ወጥቷል። ያው ጩኸት በሁሉም ቅጂ ላይ እዚያው ቦታ ከተሰነጠቀ ጉዳዩ ሲቀረጽ የሆነ ነው፤ አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ግን የዚያ ሸክላ ጥፋት ነው። «የድሮው ኅትመት ሁልጊዜ ይበልጣል» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የድሮው የታተመው ቴፑ ገና ትኩስ ሳለ መሆኑ እውነት ነው። ቀዳዳው የተዛነፈ የድሮ ኅትመት ግን ከደኅና አዲስ ኅትመት አይበልጥም። አዲሱም በበኩሉ ከቴፕ ሳይሆን ካረጀ ሸክላ የተገለበጠ ከሆነ የሸክላውን ጭረት ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ማጫወቻውን ሳንመረምር በሸክላው ላይ መፍረድም አይገባም። በድሮዎቹ ባለ ሻንጣ ማጫወቻዎች ላይ የመርፌዋ ክንድ 5 ግራምና ከዚያም በላይ ትጫናለች፤ ደኅና የሚባለው የዛሬ ማጫወቻ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይበቃዋል። በከባዱ ማጫወቻ «አንዴ ብቻ እንስማው» ማለት ሸክላውን አንዴ ማረስ ነው። ሌላም ዘዴ አለ። ሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥበት ሸክላ ላይ ሙዚቃው ያለው በመርፌዋ የጎን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘልላት አቧራና ቆሻሻ ነው። በስቴሪዮ መሣሪያ የሚያጫውት ሰው የግራና የቀኙን መስመር አንድ ላይ ቢያጋጥም ከመንጫጫቱ ብዙው ይቀንሳል።

ስለ ማጽዳት፦ ባለ 45ና ባለ 33 ሸክላ ፕላስቲክ ስለሆነ በተጣራ ውኃና በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ የትልሙን አዙሪት ተከትሎ ይታጠባል፤ የመሃሉ ወረቀት እንዳይርስ፣ ደርቆም ሲቀመጥ ቆሞ እንጂ ተደራርቦ እንዳይሆን። ባለ 78ቱ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የተሠራው ላክ ከሚባል ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ስለሆነ ከባድ ነው፣ ከወደቀም እንደ ሳህን ይሰበራል። አልኮል ደግሞ ያሟሟዋል። ስለዚህ ስፒሪትም ሆነ አረቄ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ የሚወለውለው ሰው ትልሙን ራሱን ጠርጎ ያነሣዋል። መርፌውም ለየት ይላል። የባለ 78 መርፌ ጫፍ ራዲየሱ (ከመሃል እስከ ዳር ያለው ርቀት) 76 ማይክሮን ያህል ሲሆን የአንድ መስመር ባለ 33ና ባለ 45 መርፌ 25 ያህል ነው። ቀጭኗን መርፌ ባለ 78 ላይ ብናስቀምጣት የትልሙን ወለል እየፋቀች ትሄዳለች እንጂ ድምፁ ያለበትን ግድግዳ በወጉ አትነካውም፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ሽሽታ የሸክላው ነው ተብሎ አይጻፍበት።