ብድሩን ስንሸሽ ድጎማውን አንተው

«ልጄ ኮሌጅ ቢገባ ደስ ባለኝ፤ ግን ወለድ ያለበት ብድር እንዴት ልፈርም?» አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ይህን ደጋግመው ይጠይቁናል። ሪባን መፍራታቸው ተገቢ ነው። የሚያሳዝነን፣ ብድሩን ሲሸሹ ብድር ያልሆነውን የመንግሥት ገንዘብም አብረው የሚተዉ መኖራቸው ነው።

ለሙያና ቴክኒክ ትምህርት ዋናው የፌዴራል ድጎማ የሚመጣው በ2018 (እ.ኤ.አ.) በታደሰው የፐርኪንስ ሕግ ነው። በዓመት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይመደብለታል። ገንዘቡ ለተማሪው በእጁ አይሰጥም። ለስቴቶች ይላካል፤ እነሱም ቢያንስ 85 በመቶውን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ለኮሌጆች ያከፋፍላሉ። የብየዳ ማሽን፣ የነርስ ረዳቶች መለማመጃ አልጋ፣ የመምህራን ሥልጠና ከዚህ ሊገዛና ሊከፈል ይችላል። ልጅዎ በመንግሥት ትምህርት ቤት እያለ ይህን ትምህርት ቢወስድ የትምህርት ክፍያ የለበትም። ስለዚህ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ አይጠብቁ፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ የትምህርት ቤቱን ካውንስለር ይጠይቁ።

ኮሌጅ ሲገባ ነገሩ ይለያል። ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ መሙላት በራሱ መበደር አይደለም። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ፔል ግራንትን የሚያስገኘው ይኸው ቅጽ ነው፤ የ2025-26 ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነው። ዜግነት ግዴታ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰውም ማመልከት ይችላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሌጁ በሚልከው ደብዳቤ ላይ ግራንቱና ብድሩ ጎን ለጎን ተዘርዝረው ይመጣሉ። ብዙዎች ሁሉንም «እርዳታ» ብለው ይቀበላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ደንግጠው ሁሉንም ይጥሉታል። ግራንቱን ተቀብሎ ብድሩን አልፈልግም ማለት ይቻላል። ግራንት አይመለስም፤ ተማሪው ትምህርቱን በመሃል ካቋረጠ ግን የተወሰነውን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል።

በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ፔል ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚወስዱ፣ መስፈርቱን ላሟሉ አጫጭር የሙያ ሥልጠናዎችም እንዲከፈል ፈቅዷል። ቤተሰብ እያስተዳደረ ሁለት ዓመት መማር ለማይችል አባወራ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ብዙም የማይነገር ነገር እንጨምር። የፐርኪንስ ገንዘብ የሚወስዱ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ የአካባቢያቸውን ፍላጎት መገምገምና ወላጆችን ማማከር አለባቸው። እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉና ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ተማሪዎች ሕጉ ለይቶ ከጠቀሳቸው መካከል ናቸው። ቀጣዩ ግምገማ መቼ እንደሆነ ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ፤ ከመስጂድ ጀመዓችሁም ሁለት ሦስት ወላጆች ሆናችሁ ሂዱ።