ፊደላቸው የጠፋ የላፕቶፕ ቁልፎችን ምን እናድርጋቸው?

እኛ የኮምፒውተር ክፍል አስተማሪዎች በዚህ እትም ትንሽ ስለምትመስል አንዲት ነገር ልናወጋችሁ ፈለግን፤ ፊደሉ ስለተፋቀ ኪቦርድ።

እንደምታውቁት እዚህ ካኩማ ክፍላችን ውስጥ ያሉት ላፕቶፖች ሌላ ቦታ ከርመው የመጡ ናቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ በፈረቃ፣ አንዳንዴም ሦስት ተማሪ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተጠጋግቶ ይሠራባቸዋል። ታዲያ በቁልፎቹ ላይ ያለው ፊደል መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ግማሹ ይቀራል፣ በመጨረሻ ጭራሽ ይጠፋል። ቁልፉ ይሠራል፤ ስሙ ግን የለም። "ምን አለበት፣ ሲጫኑት ስክሪኑ ላይ ይታይ የለ እንዴ?" የሚል ሰው ብዙ ነው። እኛም እንደዚያ እንል ነበር።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪያችን የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ እዚሁ ክፍል ውስጥ ሞላች። የተቀመጠችበት ላፕቶፕ የ"ኤን" እና የ"ኤም" ቁልፎቹ ባዶ ነበሩ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። ኢሜይሏን ስትጽፍ "ኤን" መሆን የነበረበት "ኤም" ሆነ። ቅጹ ኢሜይሉን ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ እሷ ግን የመጀመሪያውን ኮፒ አድርጋ ሁለተኛው ቦታ ላይ ለጠፈችው፤ ስለዚህ ስህተቱን የሚይዝ ነገር አልነበረም። ሳምንታት ጠበቀች። አብረዋት ያመለከቱ ልጆች ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ ሄዳ ጠየቀች፤ ጥሪው ተልኮላታል፣ የሄደው ግን እሷ ወደሌለችበት አድራሻ ነው። ቀኑ አልፏል። እኛ እኮ ያን ቀን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርን። ያልናት ነገር ቢኖር "ቀስ ብለሽ ጻፊ" ብቻ ነው። ዘንድሮ እንደገና አመልክታለች፣ መልስ እየጠበቀች ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በቁም ነገር የያዝነው።

ፊደሉ ለምን ይጠፋል? በብዙ ላፕቶፖች ላይ ፊደሉ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተሠራ ሳይሆን ላዩ ላይ የታተመ ስስ ቀለም ነው። የጣት ላብና ቅባት ያለሰልሰዋል፣ አቧራው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ረዘም ያለ ጥፍር ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል። ከሥር መብራት ያላቸው ኪቦርዶች ትንሽ ይለያሉ፤ እነሱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፈው ቁልፍ በጥቁር ቀለም ይሸፈንና ፊደሉ በጨረር ተፍቆ ይወጣል። ጥቁሩ ቀለም ሲላጥ ፊደሉ ይሰፋና ቅርጹ ይጠፋል።

ሁሉም ቁልፍ እኩል አያልቅም። በእንግሊዝኛ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ፊደል "ኢ" ነው። አማርኛ ስንጽፍም በድምፅ በሚሠራው ፕሮግራም ከሆነ አናባቢዎቹ ብዙ ይመታሉ። "ሰላም" ለማለት "ኤስ"፣ "ኢ"፣ "ኤል"፣ "ኤ"፣ "ኤም" እንጫናለን ማለት ነው። "ሰ"ም "ላ"ም አናባቢ ይፈልጋሉ፤ "ም" ሳድስ ስለሆነ ብቻውን ይወጣል። ሌላም ጣጣ አለ። እኛ በምንጠቀምበት ፕሮግራም የ"ኤን" ቁልፍ እንዲሁ ሲነካ "ን"፣ ከሺፍት ጋር ሲነካ "ኝ" ይሰጣል፤ "ቲ" ደግሞ "ት" እና "ጥ"። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ሲጠፋብን የሚጠፋብን ከአንድ ፊደል በላይ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። አንድ ቁልፍ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ኖትፓድ ከፍታችሁ ተጫኑትና እዩ፤ በመጀመሪያ ግን ቋንቋው እንግሊዝኛ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። በአንዳንድ ትንንሽ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ "ጄ"ን ተጭናችሁ 1፣ "ዩ"ን ተጭናችሁ 4 ከወጣ ቁልፉ አልተበላሸም። ነምሎክ በርቶ ነው፤ አጥፉት። (በዚህ የተነሳ አንድ ደህና ላፕቶፕ ለሁለት ሳምንት "ብልሽት" ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦብናል።)

ፓስወርድ ላይ ችግሩ ይብሳል፣ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ነውና። እዚያ ጋ በስክሪን ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ ተጠቀሙ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ኮንትሮልን፣ የዊንዶውስን ቁልፍ እና "ኦ"ን አንድ ላይ ስትጫኑ ይመጣል፤ ከዚያ ፊደሉን በማውስ መምረጥ ነው። "ኦ"ም ከጠፋ ከላይኛው የፊደል መደዳ በቀኝ በኩል ካለው "ፒ" ቀጥሎ ወደ ግራ ያለው ነው። ገና ፓስወርድ ሲጠየቅም ከታች በቀኝ ጥግ ካለው የተደራሽነት ምልክት ውስጥ ይገኛል። ሰው አጠገባችሁ ካለ ግን ተጠንቀቁ፣ የምትመርጡት ሁሉ ይታያል።

ቁልፉን መልሶ መጻፍስ? እኛ ያልሞከርነው የለም። ማርከር በሁለት ቀን ለቀቀ። ማርከሩ ላይ ቀለም የሌለው ኩቴክስ ስንቀባበት ደግሞ ማርከሩን አሟሟውና ቁልፉ ጭቃ መሰለ። ፍሉይድ ሲደርቅ እየተፈረፈረ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እሱን ተዉት። የተሻለው ነጭ ኩቴክስ ሆኖ አግኝተነዋል። በጥቁር ቁልፍ ላይ በጥርስ መፋቂያ ስንጥር ጫፍ፣ በጣም በስሱ፣ ፊደሉን መሳል ነው። ኩቴክስ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፕላስቲክን ሊያለሰልስ ስለሚችል ወፍራም አትቀቡ፣ መጀመሪያም ብዙ በማይነካ ቁልፍ ላይ ሞክሩት። ላፕቶፑ ጠፍቶ ይሁን፣ አንድ ሌሊትም ይደር። ሁለተኛው መንገድ በተለጣፊ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከቁልፉ ፊት ትንሽ አሳንሶ ቆርጦ፣ በላዩ ግልጽ ፕላስተር ማድረግ ነው። በሙቀቱ ጠርዙ ይነሳና ማጣበቂያው ጣት ይይዛል፤ ለጊዜው ግን ያገለግላል። ተዘጋጅተው የሚሸጡ ስቲከሮችም አሉ። የአማርኛ ፊደል ያለበትን ስታገኙ የፊደሎቹ አቀማመጥ ከፕሮግራማችሁ ጋር መግጠሙን ሳታዩ አትግዙ፤ ካልገጠመ ከባዶው ቁልፍ ይልቅ ያሳስታል።

አደራ፣ ቁልፉን ለመጻፍ ብላችሁ በቢላዋ አትንቀሉት። ከሥሩ እንደ መቀስ የሚታጠፍ ቀጭን የፕላስቲክ መያዣ አለ፤ እሱ ከተሰበረ መመለስ ከባድ ነው። ስታጸዱም በረኪና፣ አሴቶን ወይም ቤንዚን አታስነኩት። ላፕቶፑን አጥፍቶ በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። በሩ አጠገብ ያስቀመጥነው ጀሪካንም ለመጠጥ ሳይሆን ለእጅ መታጠቢያ ነው፣ በተለይ ከምሳ በኋላ።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ለእኛ ዋናው ነገር ሳያዩ መጻፍ መልመድ ነው። የ"ኤፍ" እና የ"ጄ" ቁልፎች ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ሰረዝ አለች። እሷ በቀለም የተጻፈች ስላልሆነች ፊደሉ ሲጠፋ አብራ አትጠፋም። የግራ ሌባ ጣት "ኤፍ" ላይ፣ የቀኙ "ጄ" ላይ ይረፍ። ከ"ጄ" ወደ ታች በስተግራ "ኤን"፣ ወደ ታች በስተቀኝ "ኤም" ነው። ያቺን ልጅ ያሳሳቷት ሁለቱ ቁልፎች በጣት ቢሆን የሚለዩት በዚህች በሰረዟ ነበር። መብራት በሌለበት ሰዓት ከዘይት ካርቶን ላይ ኪቦርድ በሙሉ መጠኑ ሠርተን፣ ሰረዞቹን በሙጫ ጠብታ ምልክት አድርገን እናስለምዳለን። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ሳቁብን። አሁን ካርቶኑን ወደ ቤት ይዘው የሚሄዱ አሉ፤ አንዷ እናት ሕፃኗን እያጠባች በአንድ እጇ ስትለማመድ አይተናል።

እውነቱን ለመናገር ጀማሪን "ሳታይ ጻፍ" ማለት ጭካኔ ነው። ስለዚህ ለጀማሪዎች ፊደላቸው ያልጠፋውን ላፕቶፖች ሰጥተናል፤ ባዶዎቹን ለቆዩት። የቆዩት አጉረምርመዋል፣ ይገባናል። ማመልከቻ የሚሞላ ሰው ግን ቆየም አልቆየም መጀመሪያ በር አጠገብ ያለውን ላፕቶፕ ያገኛል። ኢሜይሉንም በሁለቱም ቦታ በእጁ ይጽፋል፣ ኮፒ የለም። ከዚያም ጎኑ ያለ ሰው ፊደል በፊደል ጮክ ብሎ ያነብለታል።

ቁልፍ የምናድሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ነጭ ኩቴክስ የተረፋት ካለች፣ ጠርሙሱ ሥር የቀረም ቢሆን፣ ብታመጣልን ደስ ይለናል።