የደብረ ታቦር ብርድና በድንገት ነዳጅ የምትበላ አሮጌ መኪና

በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረች አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ በአንድ ወር ውስጥ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ብትወርድ ባለንብረቱ ምን ያህል ይከስራል? ሒሳቡ ቀላል ነው። ለ1,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ 71 ሊትር ይበቃት የነበረችው መኪና አሁን 111 ሊትር ትፈልጋለች። ልዩነቱ 40 ሊትር ነው። የቤንዚን የችርቻሮ ዋጋ በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሊትር ከ100 ብር ማለፉ ይታወሳል። ሊትሩን በ100 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 4,000 ብር በጭስ ማውጫ በኩል ይበናል ማለት ነው። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በጄሪካንና በሃይላንድ በሚሸጥበት ሰሞን ደግሞ ኪሳራው ከዚህም ይብሳል።

መኪናዋን ሸጦ ሌላ መግዛትም እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በመሆኑም በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና በሚገባ መያዝ የውዴታ ግዴታ ሆኗል።

ችግሩ ሲመጣ ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር ሦስት ነው። አንዱ “ኖዝሉ ተበላሽቷል፣ ይቀየር” ይላል። ሌላው “ኮምፒዩተሩ ሞቷል” ይላል። ሦስተኛው “የደብረ ታቦር ዳገት ነው፣ ምን ይደረጋል” ብሎ ያጽናናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ገንዘብ ያስወጣሉ። ሦስተኛው ግን ጥያቄውን አይመልስም፤ ዳገቱ አምናም ነበረና። በድንገት የመጣ የነዳጅ ፍጆታ በድንገት የተለወጠ ነገር እንዳለ ያመለክታል። መፈለግ ያለበትም እሱ ነው።

ከፍታው ጥፋተኛ ነውን?

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ነች። አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር ያለው መኪና ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው በቆላ የለመደውን ያህል ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን የአየሩን ግፊት ወይም መጠን የሚለካ ሴንሰር አለው። አየሩ ሲሳሳ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ስለዚህ በኢንጀክሽን መኪና ላይ የከፍታው ነገር ሰበብ ሊሆን አይችልም።

የዳገቱ ድርሻ የሚታወቀው በመለካት ነው። ከጣና ዳርቻ ሜዳ፣ ማለትም ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ በወረታና በዓለም በር በኩል ደብረ ታቦር ለመድረስ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከነሰውና ከነዕቃዋ 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪናን ይህን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ 1 ሊትር ከሩብ ያህል ቤንዚን ይሄዳል። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር በመጣበት ጉዞ ብቻ የለካ ሰው እንግዲህ መኪናውን ያለ ጥፋቷ ይከሳል። ቁልቁለቱን ብቻ የለካም ያለ ሥራዋ ያመሰግናታል።

ትክክለኛው መንገድ ደርሶ መልስ መለካት ነው። ከአንድ ማደያ ሞልቶ መነሳት፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር መመዝገብ፣ ባሕር ዳር ደርሶ ተመልሶ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ እዚያው ማደያ መሙላትና ኪሎ ሜትሩን ለሞላው ሊትር ማካፈል ነው። ነዳጅ በቴሌብርና በመሳሰሉት መከፈል ከጀመረ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የክፍያው መልእክት በስልክ ላይ ስለሚቀር የቀደሙትን ወራት ማስላትም ይቻላል።

ምን ተለወጠ?

ልኬቱ ችግር መኖሩን ካረጋገጠ ቀጣዩ ጥያቄ “ከችግሩ በፊት ምን ተሠራ?” የሚል ነው። ጎማው በሌላ መጠን ተቀይሮ ከሆነ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ራሱ ይሳሳታል። ቤንዚኑ ከማደያ ውጭ ተገዝቶ ከሆነ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ከነበረ ደግሞ ምን እንደተነካ ማወቅ ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ሁሉ፣ ይህን ለመካኒኩ ያልነገረ ባለንብረት ምርመራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

በደጋ አካባቢ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ስለ ቴርሞስታት ነው።

የወጣው ቴርሞስታት

ቴርሞስታት ማለት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል እንደ በር የሚያገለግል ትንሽ ዕቃ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ ይዘጋል። ውኃው 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል።

በአገራችን ጋራዦች አንድ የቆየ ልማድ አለ። መኪና በዳገት ላይ ከፈላ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። በፎገራ ሜዳ ሙቀትና በዓለም በር ዳገት ለተቸገረ አሽከርካሪ መላው ጥሩ ይመስላል። መኪናዋ ዳግመኛ አትፈላም። ነገር ግን ከጉና ተራራ በሚወርደው ብርድ ጠዋት ስትነሳ ውኃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ውስጥ ይዞራል። ሞተሩም የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ይውላል።

ካርቡራተር ላለው መኪና ጉዳቱ መጠነኛ ነው። ኢንጀክሽን ባለው ላይ ግን ኮምፒዩተሩ የውኃውን ሙቀት በሴንሰር ያነባል። ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ “ሞተሩ ገና አሁን ተነሳ” ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ሚኒሞውንም ከፍ ያደርጋል። መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ጠዋት ላይ እንዳለች ትቆጠራለች። የተረፈው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ስለሚያቀጥን ጉዳቱ ከነዳጅ ወጪ አልፎ ሞተሩን ወደ መብላት ይደርሳል። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ይህ ዓይነቱ ጥፋት በኮምፒዩተር ምርመራ ላይታይ ይችላል። ሴንሰሩ ደህና ነው፣ የሚናገረውም እውነት ነው፤ ውኃው በእርግጥ ቀዝቅዟል። መርማሪው “ምንም ችግር የለም” ሲል ባለንብረቱ ወደ ኖዝል ቅየራ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ቱቦ፣ ከቬንቲሌተሩ ራቅ ብሎ፣ በእጅ መንካት ነው። ቴርሞስታቱ ካለና ደህና ከሆነ ቱቦው ለበርካታ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይግላል። ከሌለ ወይም ተከፍቶ ከቀረ ግን ቱቦው ከመነሻው ቀስ በቀስ ለብ እያለ ይሄዳል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ወረታ ቁልቁል ሲወረድ ወደ ታች የሚወድቅ ከሆነም ነገሩ ያው ነው።

ታዲያ ቴርሞስታቱ ሲመለስ መኪናዋ ብትፈላስ? ይህን የሚመልሰው ብዙ ጊዜ የራዲያተሩ ክዳን ነው። በደብረ ታቦር ከፍታ በተከፈተ ድስት ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። በደጋ ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጁትም ለዚህ ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል። ጎማው ያረጀ ክዳን ይህን ማድረግ ስለማይችል መኪናዋ በዳገቱ ትፈላለች፤ ጥፋቱ ግን በቴርሞስታቱ ይላከካል። ክዳኑን ሞተሩ ግሎ ሳለ መክፈት ፊትና እጅ ስለሚያቃጥል ፈጽሞ አይገባም።

ሌሎች ድንገተኛ ምክንያቶች

ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ምርመራው ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ አለበት።

በመጀመሪያ ጎማና ፍሬን ይታያል። ከቁልቁለት ሳይሆን ከሜዳ ጉዞ በኋላ አራቱን ቸርኬዎች በጥንቃቄ መንካት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢግል ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። የጎማ ንፋስም በጎሚስታ መለካት ያለበት ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ቀጥሎ ትንንሾቹ ቱቦዎች ይፈተሻሉ። ወደ አየር ግፊት ሴንሰሩ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ከወለቀች ወይም ከተሰነጠቀች ኮምፒዩተሩ ሞተሩ ከባድ ጭነት ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ጥቁር ጭስ እስኪወጣ ቤንዚን ያፈሳል። ከነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው የምትወጣው የአየር ቱቦ በውስጧ ቤንዚን ከተገኘ ደግሞ መቆጣጠሪያው ተቀዷል።

ከዚያ ሴንሰሮቹ ይመረመራሉ። የውኃ ሙቀት ሴንሰር በቴስተር ሲለካ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ያህል ማሳየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ በርካታ ቶዮታዎች ላይ ኮዱን ያለ መሣሪያም ማንበብ ይቻላል። ነገሩን የሚያውቅ መካኒክ በሞተሩ ክፍል ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ሲከፍት የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ቁጥር 22 የውኃ ሙቀት ሴንሰርን፣ 21 የኦክስጅን ሴንሰርን፣ 31 የአየር መለኪያውን ያመለክታል።

የአየር ፊልትሮን በተመለከተ ብዙዎች መጀመሪያ የሚቀይሩት እሱን ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት የተዘጋ ፊልትሮ በኢንጀክሽን መኪኖች ላይ ፍጥነት መጨመሪያ ጉልበትን እንጂ የነዳጅ ፍጆታን እምብዛም እንደማይነካ አሳይቷል። ፊልትሮ መቀየሩ መልካም ነው፤ የድንገተኛው ፍጆታ መፍትሔ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም።

ኖዝልና ኮምፒዩተር የሚታሰቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለዓመታት የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ ሆኖ የታወቀው የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ድረስ ለኮምፒዩተር ከመላክ በፊት ቴርሞስታትና የራዲያተር ክዳን ማስገጠሙ የወጪ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ከሥራው በኋላም በዚያው ማደያና በዚያው መንገድ ደርሶ መልስ ዳግመኛ መለካት ያስፈልጋል። መካኒኩ “ተስተካክሏል” ያለው እውነት መሆኑ የሚታወቀው ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ብቻ ነው።